መስኮት ጠራጊው የሣሉት ከተማ

በየቀኑ የምንመላለስበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን አናየውም። የጎረቤታችን ቅጥር ምን ይመስል እንደ ነበረ የምንጠያየቀው ከፈረሰ በኋላ ነው። ሌሊት ተነሥቶ የሰፈሩን ዳቦ የሚጋግረው፥ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ጫማ የሚጠግነው፥ ቅጠል ተሸክማ ከእንጦጦ ቍልቍል የምትወርደው እናት፥ ፊታቸው ትዝ የሚለን ከዓይናችን ከራቁ ወዲህ ነው። ዓይን በልማድ ብዛት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘውንም ዓይን አንዳንድ ጊዜ የሚያነቃው ረዥም ንግግር ሳይሆን አንዲት ትንሽ ሥዕል ናት።

በዚህ ወር ለአንባብያን ያዘጋጀነው ታሪክ ይህን የሚያስረዳ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቤታችን ቅርብ ነው። ይኸውም በእንግሊዝ አገር፥ በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፥ መስኮት በመጥረግ፥ ቅርጫት በመሥራት፥ በመላላክና በቢሮ ጸሐፊነት ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች በማታ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምረው፥ የራሳቸውን ሰፈር ሥለው፥ በ1928 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳዩበት የትርኢት ታሪክ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት አስቀድመን የምናመለክተው፥ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ነው።

ቄሱና የትንሣኤው ትርኢት

ታሪኩን ከሥሩ ለመረዳት ከዚያ በፊት አርባ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የለንደን ምሥራቃዊ ክፍል ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሠራተኛ ሰፈር ነበረ። የቴምዝ ወንዝ ወደብ በዚያ ስለ ነበረ፥ ከመርከብ ዕቃ የሚያራግፈው ወዛደር፥ በፋብሪካ የሚውለው፥ በቤቱ ልብስ እየሰፋ የሚያድረው፥ ከአየርላንድና ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰድዶ የመጣው ሁሉ በጠባብ ቤት ተጨናንቆ ይኖርበት ነበረ። ቦው በሚባለው ሰፈር በነበረው በብራያንትና ሜይ የክብሪት ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሴቶችና ልጃገረዶች በ1888 ዓ.ም. ሥራ አቁመው ስለ ደመወዛቸውና ስለ አያያዛቸው አቤት ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነገራል።

በዚሁ ክፍል ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር፥ በሐዋርያው በይሁዳ ስም የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1873 ዓ.ም. ሳሙኤል ባርኔት የሚባሉ ቄስ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ተሾሙ። የለንደን ጳጳስ ቦታውን ሲሰጧቸው፥ በሀገረ ስብከታቸው ካሉት አጥቢያዎች ሁሉ የባሰው ይህ መሆኑን አልደበቋቸውም። ቄስ ባርኔት ግን ሳይፈሩ፥ በዚያው ዓመት ካገቧቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሄንሪዬታ ጋራ ሆነው ገቡበት።

የተራበውን ማብላት፥ የታረዘውን ማልበስ ግዴታ መሆኑን ባልና ሚስቱ በሚገባ ያውቁ ነበረ። ነገር ግን ሰው የሚራበው በሆዱ ብቻ እንዳልሆነም አስተዋሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ጥቀርሻ የለበሰ ግድግዳ ብቻ የሚያይ ሰው ዓይኑም ልቡም ይራባል። ስለዚህም በ1881 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ሰሞን፥ በአጥቢያዋ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ የሥዕል ትርኢት አሰናዱ። ሥዕሎቹንም ከባለጸጎች ቤትና ከሠዓሊዎቹ ከራሳቸው እጅ በውሰት አመጡ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት ሠዓሊ ጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስ በየጊዜው ሥዕላቸውን ካዋሷቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። ማንበብ ለሚችለው ስለ እያንዳንዱ ሥዕል የሚያስረዳ ጽሑፍ ተዘጋጀ፤ ላልተማረውም ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ተመደበለት።

ነገሩ ያለ ክርክር አላለፈም። ትርኢቱ እሑድም ክፍት እንዲሆን ቄስ ባርኔት በወሰኑ ጊዜ፥ ሰንበት ይሻራል ብለው ብዙ ሰዎች ተቃወሟቸው። የእርሳቸው መልስ ግን አጭርና ግልጽ ነበረ፤ ሠራተኛው ከእሑድ በቀር ዕረፍት ከሌለው፥ በእሑድ ካልሆነ መቼ ሊያይ ይችላል? የሚል ነበረ። ሕዝቡም መልሱን በእግሩ ሰጠ። ትርኢቱ በየዓመቱ በትንሣኤ ሰሞን እየተደገመ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ተመልካች የሚጎርፍበት ሆነ። የትምህርት ቤቱ ክፍልም ሕዝቡን አልችል ስላለ፥ ገንዘብ ተሰብስቦ በ1901 ዓ.ም. በዋይትቻፕል ዋና መንገድ ላይ ቋሚ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ተከፈተ። አዳራሹ ዛሬም ቆሞ ይገኛል፤ ቄስ ባርኔት ግን በ1913 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የሚያመሰግነው እንጂ የሚነቅፈው ሊኖር አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሥዕሉ የሚመጣው ከባለጸጋው ቤት ነበረ፤ ድኻው ደግሞ የሚያይ ብቻ ነበረ። የሌላውን አገር ተራራ፥ የሌላውን ሰው አዳራሽ እያየ ያደንቅ ነበረ። እርሱ ራሱ ምን ያያል? የሚኖርበት መንገድስ ሊሣል የሚገባው ነው ወይ? ብሎ የጠየቀው ብዙ ሰው አልነበረም። ይህ ጥያቄ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

የማታው ክፍል

በ1920ዎቹ ዓመታት ጆን ኩፐር የሚባሉ የዮርክሻየር ተወላጅ ሠዓሊ በምሥራቅ ለንደን የማታ ትምህርት ቤት ሥዕል ማስተማር ጀመሩ። ኩፐር የተማሩት በለንደን ስሌድ በሚባለው ታዋቂ የሥዕል ትምህርት ቤት ነው፤ በኋላ ዘመን የእኛው ታላቅ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም በዚሁ ትምህርት ቤት ተምረዋል። እንዲህ ያለ ትምህርት ያለው ሰው በምዕራቡ ለንደን ከባለጸጎች መካከል ተቀምጦ መልካቸውን እየሣለ ሊኖር ይችል ነበረ። ኩፐር ግን ማታ ማታ ወደ ቦው እየሄዱ፥ ቀኑን በሥራ ደክመው የዋሉትን ሰዎች አስተማሩ።

የክፍሉን ነገር አንባቢ በሐሳቡ ሊሥለው ይችላል። ቀኑን ሙሉ መሰላል ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰው፥ እጁ በቀርከሃና በአርጩሜ የሻከረ ሰው፥ በቢሮ ሒሳብ ሲጽፍ ጀርባው የጎበጠ ወጣት፥ ራቱን እንደ ነገሩ በልቶ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ትምህርት ይመጣል። የሚሠሩበት ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነበረ፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ትልቅ ሥዕል የሚሣልበትም የሚቀመጥበትም ቦታ የለምና።

ኩፐር ብቻቸውን አልነበሩም። ራሳቸው ሠዓሊ የነበሩት ባለቤታቸው ፊሊስ ብሬይ አብረዋቸው ደክመዋል። የተራ ሰው መኝታ ቤትንና የሕዝብ መዝናኛ ቲያትርን በመሣል የታወቁት አንጋፋው ሠዓሊ ዋልተር ሲከርትም እየመጡ ንግግር ያደርጉላቸው ነበረ፤ በኋላም ሥዕላቸውን ከተማሪዎቹ ሥዕል ጋራ አብረው ሰቅለዋል። ስሙ በአገሩ ሁሉ የተሰማ ሠዓሊ ሥዕሉን ከመስኮት ጠራጊ ሥዕል አጠገብ መስቀሉ፥ ለተማሪዎቹ ከብዙ ቃል የበለጠ ማበረታቻ እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

የ1928 ዓ.ም. ትርኢት

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. እነዚህ ሰዎች «የምሥራቅ ለንደን የሥዕል ማኅበር» በሚል ስም ሥራቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ያሳዩበትም ቦታ ቄስ ባርኔት ባስጀመሩት በዋይትቻፕል አዳራሽ ውስጥ ነበረ። የቀድሞው ትርኢት የባለጸጋውን ሥዕል ለሠራተኛው ያሳይ ነበረ፤ ይኸኛው ግን ሠራተኛው ራሱ የሣለውን ለከተማው ሁሉ አሳየ።

በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምን ነበረ? ንጉሥ በዙፋኑ ወይም ጦረኛ በፈረሱ አልነበረም። በጡብ የተሠራ የተራ ሰው ቤት፥ የባቡር ድልድይ፥ ጭነት ጀልባ የሚያልፍበት ቦይ፥ የፋብሪካ ጭስ መውጫ፥ በመንገድ ማዕዘን ላይ ያለ መጠጥ ቤት፥ የልብስ መስጫ ገመድ የተዘረጋበት ጓሮ ነበረ። ተመልካቹ ወደ አዳራሹ ሲመጣ ያለፈበትን መንገድ በግድግዳው ላይ አገኘው። ከልጅነቱ ጀምሮ አስቀያሚ ነው ሲባል የሰማውን ሰፈር፥ በክፈፍ ውስጥ ተከብሮ ሲያየው ቆም ብሎ እንደ ገና መመልከት ግድ ሆነበት።

ከሠዓሊዎቹ መካከል የጥቂቶቹን ነገር ብናወሳ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል።

አልበርት ተርፒን በ1900 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን ተወለዱ። መተዳደሪያቸው መስኮት መጥረግ ነበረ። መስኮት ጠራጊ ከተማውን ማንም በማያይበት ስፍራ ሆኖ ያያል፤ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ጣራውን፥ ጓሮውን፥ የሰው ቤት ውስጡን ሁሉ ይመለከታል። ተርፒንም ያዩትን ሣሉ። አሮጌዎቹ መንገዶች ሳይጠፉ በሥዕል እንዲቈዩ ይሹ ነበረ። ይህ ማለት ግን ድህነትን አስውበው እንዲኖር ፈለጉ ማለት አይደለም። ስለ ሰፈራቸው ሰው ኑሮ የሚከራከሩ የከተማ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእሳት አጥፊነት አገልግለው በቦምብ የተቃጠለውን ከተማ ሣሉ፤ በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የቤትናል ግሪን ከንቲባ ሆኑ። ያም ዘመን በጦርነት የፈረሰው ሰፈር እንደ ገና ሊሠራ የታሰበበት ዘመን ነበረ። አንድ ሰው ያረጀውን ቤት በፍቅር ሊሥለው፥ በውስጡ ለሚኖሩት ደግሞ የተሻለ ቤት ሊመኝላቸው ይችላል። እነዚህ ሁለቱ እንደማይጣሉ የተርፒን ሕይወት ያስረዳል። በ1964 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ብሩሻቸውን አልጣሉም።

ሄንሪ ሲልክ ቅርጫት ሠሪ ነበሩ። እርሳቸው ከመንገዱ ይልቅ በቤታቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ መሣል ይወዱ ነበረ። አልጋቸውን፥ ጠረጴዛቸውን፥ ጫማቸውን ከነቀለሙና ከነብሩሹ ሣሉ። ጫማ ምን ይሣልበታል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጫማውን የሣሉት ሰው በዚያ ጫማ ወደ ሥራ የሄዱ፥ ማታም አውልቀው የቦረሹ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሥዕሉ የጫማ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው የድካም ቀን ሥዕል ነው።

የሲልክ የእኅት ልጅ ወይም የወንድም ልጅ ቢባል ለእኛ ታሪክ ለውጥ የለውም፤ አጎታቸውን ተከትለው ወደ ሥዕል የገቡት ኤልዊን ሆውቶርን ግን በልጅነታቸው ተላላኪ የነበሩ ናቸው። ኋላም ለጥቂት ዓመታት የሲከርት ረዳት ሆኑ። በሥዕሎቻቸው ውስጥ ሰው አይበዛም። ሰማዩ ገርጣ ያለ፥ መንገዱ ባዶ፥ ግድግዳው ጸጥ ያለ ነው። ጫጫታ የማያጣውን ከተማ እርሳቸው ጸጥ ባለበት ሰዓት ጠብቀው የያዙት ይመስላል። ባለቤታቸው ሊልያን ሌሂም ከዚሁ ማኅበር የወጡ ሠዓሊ ነበሩ። ዋልተርና ሃሮልድ ስቴግልስ የተባሉት ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ቀን በቢሮ እየሠሩ፥ በተረፋቸው ጊዜ የቦውን ጎዳናዎችና የገጠሩን መንደር ይሥሉ ነበረ። አጎትና የእኅት ወይም የወንድም ልጅ፥ ባልና ሚስት፥ ወንድምና ወንድም በአንድ ማኅበር መገኘታቸው፥ ጥበብ ከቤት ወደ ቤት እንደ እሳት ፍም የምትተላለፍ መሆኗን ያሳያል።

ከቦው እስከ ቬኒስ

የትርኢቱ ወሬ ከሰፈሩ ወጣ። የዋይትቻፕል አዳራሽ የመጀመሪያው ዋና ኃላፊ የነበሩት ቻርልስ ኤይትከን በዚያን ጊዜ ቴት ተብሎ የሚጠራው የታላቁ የሥዕል ቤት ኃላፊ ነበሩ። እርሳቸውም ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቴት እንዲታዩ አደረጉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በምዕራቡ ለንደን በሚገኘው በሌፌቭር የሥዕል ማሳያ ቤት «የምሥራቅ ለንደን ቡድን» በሚል አዲስ ስም ቀረቡ። ባለጸጋው ሥዕል በሚገዛበት በዚያ ቤት እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ ስምንት ጊዜ ትርኢት አሳዩ።

በ1936 ዓ.ም. ኤልዊን ሆውቶርንና ዋልተር ስቴግልስ ሥዕላቸው በኢጣልያ አገር በቬኒስ በሚደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት፥ በብሪታንያ ድንኳን ውስጥ እንዲሰቀል ተመረጠ። ከማታ ትምህርት ቤት ተነሥቶ እዚያ መድረስ ታላቅ ክብር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ዓመት ስናነብ ልባችን በሌላ ነገር ይነካል። በቬኒስ ያ ትርኢት በሚደረግበት በጋ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገብቶ ነበረና። በዚያው ዓመት፥ በጥቅምት 4 ቀን፥ ሙሶሊኒን አርአያ ያደረጉ የእንግሊዝ ፋሺስቶች ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው በምሥራቅ ለንደን ሊሰለፉ በመጡ ጊዜ፥ የሰፈሩ ሠራተኛ ሕዝብ ኬብል ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ዕቃ ቆልሎ፥ ዘግቶ መለሳቸው። መስኮት ጠራጊው ተርፒንም በዚያ ዘመን ፋሺስቶችን አጥብቀው ከሚቃወሙት ወገን ነበሩ። ሰፈሩን ተመልክቶ የሣለ ሰው፥ ሰፈሩ በጥላቻ ሲወረር ዝም ብሎ አያይም።

መጥፋትና መገኘት

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ክፉ ነበረ። ከመስከረም 1940 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቦምብ ሲደበድቡ ወደቡ ያለበት ምሥራቃዊው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ተጎዳ። በሥዕሎቹ ላይ የምናያቸው ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ከቦምብ የተረፉትም ከጦርነቱ በኋላ በአዲስ ሕንፃ ተተኩ። መምህሩ ጆን ኩፐር በ1943 ዓ.ም. ሞቱ። ቡድኑ ተበተነ። ሥዕሎቹም አንዳንዱ በግለሰብ ቤት፥ አንዳንዱ በሙዚየም ጓዳ ተቀምጦ ለብዙ ዓመታት ተረሳ።

በ2012 ዓ.ም. ዴቪድ በክማን የተባሉ ጸሐፊ የቡድኑን ታሪክ ሰብስበው በመጽሐፍ አወጡ። ከዚያም ወዲህ ሥዕሎቹ እንደ ገና እየተፈለጉ መታየት ጀመሩ። በ2017 ዓ.ም. በዚያው በቦው፥ ቀድሞ የመነኮሳይያት መኖሪያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ባለው የሥዕል ማሳያ የቡድኑ ሥራ ለሕዝብ ቀረበ። እንግዲህ ሥዕሎቹ ወደ ተወለዱበት ሰፈር ተመለሱ ማለት ነው። በ1928 ዓ.ም. ተመልካቹ ያየው ያለፈበትን መንገድ ነበረ፤ በ2017 ዓ.ም. የመጣው ተመልካች ግን ያየው የሌለውን መንገድ ነው። መስኮት ጠራጊውና ቅርጫት ሠሪው ባይሥሉት ኖሮ፥ ያ መንገድ በዚያ መልክ ሊታይ የሚችልበት ዕድል አልነበረም።

በመንበረ ጸባዖት ያረፉት እንግዳ

ከዚህ ከቦው ሰፈር እስከ አዲስ አበባ የሚደርስ አንድ ክር አለ። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ለመሳለም የገባ ሰው፥ በአርበኞች አጠገብ ያረፉትን የእንግሊዛዊቱን የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር ሳያይ አልቀረም። እኚህ ሴት በ1936 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ በለንደን ማሳተም የጀመሩ፥ በ1956 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው በ1960 ዓ.ም. በዚሁ ያረፉ የኢትዮጵያ ወዳጅ መሆናቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በቀብራቸውም ጊዜ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፥ ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በቦው ሰፈር ከሠራተኛ ሴቶች ጋራ ኖረው፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለድኾች በርካሽ ዋጋ የሚያበላ ምግብ ቤትና የሕፃናት ማቆያ ማቋቋማቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራሳቸው የተማሩ ሠዓሊ መሆናቸው ነው።

ሲልቪያ በ1907 ዓ.ም. በእንግሊዝና በስኮትላንድ የሥራ ቦታዎች እየዞሩ ሠራተኛ ሴቶችን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ሣሉ። ሴቶቹን አሳዝነው አላቀረቧቸውም፤ እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ አተኵረው ሲሠሩ አሳዩአቸው። ከእነዚህ ሥዕሎች አራቱን በ2018 ዓ.ም. ቴት ገዛቸው። ሁለቱ በግላስጎው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ያሉ ሴቶች ሥዕል ሲሆን ሁለቱ ደግሞ የሸክላ ሠሪዎች ናቸው።

ፈታይና ሸክላ ሠሪ! ውድ አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሁለት ቃላት ስንጽፍ እጃችን ጥቂት ቆም አለ። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ በምን ስም ስትጠራ እንደ ኖረች ሁላችንም እናውቃለን። በሠራችው ምጣድ እንጀራ ጋግረን፥ በሠራችው ጀበና ቡና አፍልተን፥ እርስዋን ግን ቡዳ ናት ብለን ከማዕዳችን አራቅናት። ሸማኔው በሸመነው ነጠላ ተሸፍነን ቤተ ክርስቲያን ስንስም፥ እርሱን ግን በስድብ ስም ጠራነው። ማረሻውን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ ብለን ናቅነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ነገሩ የደረሰበት ደርሶ ነበረ። አዋጁ አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ዓይንን ግን አዋጅ አያስተካክለውም። ዓይን የሚስተካከለው በማየት ነው።

ለየቤታችን

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ጥቅም ምንድን ነው? ስንል፥ በአጭሩ ይህ ነው። ለሠራተኛው ሰው መልካም ነገር ማሳየት ደግ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ዓይን ያለው መሆኑን ማመን ከዚያ ይበልጣል። ቄስ ባርኔት በሩን ከፈቱ፤ ጆን ኩፐር ብሩሹን አስያዙ፤ ሥዕሉን ግን የሣሉት ባለ መሰላሉና ባለ ቅርጫቱ ናቸው።

ከተማችን አዲስ አበባም በፍጥነት መልኳን እየለወጠች ናት። በ2024 ዓ.ም.፥ በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም.፥ በፒያሳ አካባቢ የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል። ያረጀ ቤት መተካቱ፥ ሰው ወደ ተሻለ መኖሪያ መግባቱ ሊሆን የሚገባው ነው። ነገር ግን በእነዚያ ቤቶች ደጃፍ ጕልት ተቀምጣ ሽንኵርት የምትሸጠው እናት፥ በብረት ምጣድ ቆሎ የምትቆላው፥ በር ላይ መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋው አባት፥ ማን ሣላቸው? ልጆቻቸው ነገ አባቴ የት ይሠራ ነበረ? ብለው ቢጠይቁ፥ የምናሳያቸው ምን አለን?

ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ልጅ በከሰል ግድግዳ ላይ ሲሥል ባገኘነው ጊዜ በኵርኵም ፈንታ ወረቀትና እርሳስ እንስጠው፤ ምን ልሣል? ቢለን ሩቅ አንላከው፤ አያቱ እንዝርት ይዘው ሲፈትሉ፥ እናቱ አክንባሎውን ከፍታ በእንፋሎት ተከብባ እንጀራ ስታወጣ፥ ጎረቤት ያለው አናጢ መላጊያውን ሲገፋ ተቀምጦ ይይ። በየአጥቢያችን ያሉት የሰንበት ትምህርት ቤቶችም አዳራሽ አላቸው። በበዓል ሰሞን የሰፈሩ ልጆችና ጎልማሶች የሣሉት ሥዕል በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ቢሰቀልና፥ የተሣሉት ሰዎች ራሳቸው በክብር ተጠርተው ቢመጡ፥ ሸክላ ሠሪዋ የራስዋን እጅ በግድግዳው ላይ ስታይ ምን ይሰማት ይሆን? እርስዋን ሲሸሹ የኖሩትስ አጠገብዋ ቆመው ያንኑ ሥዕል ሲመለከቱ ምን ያስቡ ይሆን?

እኛ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ፥ የተርፒንን መሰላል ደጋግመን አሰብነው። መስኮት ጠራጊ የሚጠርገው የሌላውን ሰው መስኮት ነው፤ ከጠረገውም በኋላ በመስኮቱ የሚያየው ሌላው ሰው ነው። እኚህ ሰው ግን የሰፈራቸውን ሰው ሁሉ ዓይን እንደ መስኮት ወለወሉት። ከዘጠኝ ዐሥርት ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ እኛም፥ በሌላ አገር ሆነን፥ በዚያ በተወለወለ መስኮት የገዛ ደጃችንን ለማየት በቃን።